የሰይድ አምፖልና የእኔ እንቅልፍ

በሰው ቤት የሚቀና አለ፤ በሰው መኪና የሚቀና አለ፤ የጎረቤቱ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች ብሎ ምሳ የማይበላም አይቻለሁ። እኔ የቀናሁት በሰው እንቅልፍ ነው። ጎረቤቴ ሰይድ ደህና ተኝቶ በማደሩ አንጀቴ እርር ይል ነበር። የምትስቁ ካላችሁ ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን ፈገግ የምልበት ጉልበት አልነበረኝም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከንፈሩም ይከብደዋል።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የፊቱ ክፍል ሱቄ ነው፤ ከኋላ እኔ፣ ባለቤቴ ፋጡማና ሁለት ልጆቻችን እንኖራለን። ከሰይድ ጋር የሚለየን አንድ አጥር ነው። አብረን ቁርአን ቀርተናል፤ አብረን ሐይቁ ውስጥ ስንዋኝ አድገናል፤ አብረን ደግሞ፣ ጣጣው እዚህ ላይ ነው፣ አንዲት ልጅ ወደናል። መጀመሪያ ሽማግሌ የላከው እሱ ነበር። የፋጡማ አባት «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ሥራ የለውም» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። ሰይድ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ሄደ። እኔ የስፌት መኪና ነበረኝ፤ ሽማግሌ ላክሁ፤ ተፈቀደልኝ። አንዳንዴ «አንቺን ያገኘሁት በመልኬ ሳይሆን በፔዳሌ ነው» እላታለሁ። እሷም «እሱንም ቢሆን ጠንከር አድርገህ ርገጠው» ትለኛለች።

ሰይድ ከሰባት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ጊዜው ለውጥ መጣ ተብሎ የተቃቀፈው ሰው ክንዱን ማላላት የጀመረበት፣ ሬዲዮኑም ስለ ፍቅር ማውራቱን ትቶ ድምፁን ያጎረነነበት ሰሞን ነው። እኔ ግን ሰይድን አቅፌ ተቀበልኩት፤ ሁለት ጊዜ አቀፍኩት። ፋጡማ «ማሻ አላህ፣ እንዴት አምሮብሃል» እስክትለው ድረስ ፍቅሬ የእውነት ነበር።

በሳምንቱ ፋጡማ ቤቱ ሄዳ ጠይቃው ስትመለስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ጀመረች።

«የሰይድን መብራት አላየህም» አለችኝ።

«መብራት መብራት ነው።»

«አይደለም። እንደ ቴሌቪዥን በሪሞት ነው የሚሠራው። ሲነካው ነጭ ይሆናል፤ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሲነካው ቀይ ይሆናል። ቀን ነጩን ነው የሚያበራ፤ ሲመሽ ደብዘዝ ያለውን ቀይ። ነጩና ሰማያዊው አሁንም ቀን ነው እያለ ጭንቅላትን ያታልለዋል አለ። ቀዩ ግን እንቅልፍ አያባርርም። አብሮት የነበረ አንድ ሕንዳዊ ነርስ ነው ያስተማረው።»

«ለመሆኑ እዚያ ምን ነበር ሥራው?»

«የመጋዘን ዘበኛ።»

«ዘበኛ ስለ እንቅልፍ ምን ያውቃል?»

«ፊቱን አይተህ ፍረድ። እንዴት ጠርቷል። የተኛ ሰው ፊት ነው። አንተ ደግሞ…» አለችና ፊቴን አየት አድርጋ ነጠላዋን አወረደች።

ዓረፍተ ነገሩን ብትጨርሰው ኖሮ ተከራክሬ እገላገል ነበር። ስላልጨረሰችው እኔ ራሴ ጨረስኩት፤ በየቀኑ በሌላ በሌላ ቃል ጨረስኩት። «አንተ ደግሞ አርጅተሃል።» «አንተ ደግሞ ጎድጉደሃል።» «አንተን ደግሞ ባላገባሁህ።» እስከዚያ ቀን ድረስ ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ ጭልጥ የምል ሰው ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ በመስኮት የሰይድን ቀይ መብራት እያየሁ፣ አሁን ተኝቷል፣ አሁን ፊቱ እየጠራ ነው እያልኩ አስብ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ደሴ ወጣሁ። አራዳ አካባቢ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቼ የሰይድን ዓይነት ጠየቅሁ።

«ሪሞት ያለው የለም» አለኝ ባለሱቁ። «ባለ ቀለም አምፖል ግን አለ። ለምን ፈለግከው?»

«ለእንቅልፍ።»

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና «ለእንቅልፍስ ማጥፋቱ ነው የሚሻለው» አለኝ።

ያን ሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ አይኖርም ነበር። ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ አምፖል አስጠቅልዬ ወደ ሐይቅ ወረድኩ።

ፋጡማ ሰማያዊው እንቅልፍ ያባርራል ማለቷን አልረሳሁም። ግን ያን ያለው ሰይድ ነው፤ ሰይድ ያለውን ደግሞ ማድረግ አልፈለግሁም። ለራሴም ምክንያት ፈለግሁለት፤ ሐይቁ ሰማያዊ ነው፤ ከሐይቁ ዳር የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ስለዚህ ሰማያዊ ያስተኛል። መኝታ ቤት ሰቀልኩት። ፋጡማ ቀና ብላ አምፖሉን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ» አለች። «ሬሳ አጠገብ የተኛሁ መሰለኝ።»

ሦስት ቀን ዓይኔ አልተከደነም። ፋጡማ ሻሿን ዓይኗ ላይ አስራ ተኛች። እኔ ሻሽ ስለሌለኝ አፍጥጬ ማገር ስቆጥር አደርኩ። ቀን ቀን ደግሞ መኪናው ላይ ማሸለብ ጀመርኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ አሸልቤ የአንገቱን ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ደፈንኩት። እናትየው እዚያው ሱቁ ውስጥ ልጅቷ ራስ ላይ ልታጠልቀው ስትታገል፣ ልጅቷ ከውስጥ ሆና «እማ፣ መሸ እንዴ?» አለች። እናትየው አልሳቀችም።

ሰማያዊውን አወረድኩ። ሽንፈቴን ውጬ ቀዩን አወጣሁ። ግን መኝታ ቤት አልሰቀልኩትም፤ ፋጡማ «ሰይድን አየህና ነው» እንዳትለኝ ሱቁ ውስጥ አደረግሁት። አመሻሽ ላይ ከሥሩ ሆኜ ስሠራ ቀስ በቀስ እንቅልፌ ይመጣል ብዬ ነው። በእጄ ላይ የነበረው ሥራ የየኔታ ቀሚስ ነበር። የኔታ የምንላቸው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚመጡ የዜማ መምህር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ልብሳቸውን እኔና አባቴ ነን የሰፋንላቸው። ነጭ አቡጀዲ አምጥተው ነበር፤ በማግስቱ ሊወስዱት ቀጥረውኛል።

ቀዩ መብራት እውነት ደስ ይላል። ዓይን አይወጋም። ጨርቁም፣ ክሩም፣ እጄም አንድ ዓይነት ሆነው ለስለስ አሉ። መጋረጃው ስስ ስለሆነ ብርሃኑ አስፋልቱ ድረስ ፈሷል። በዚህ ሁሉ ዓመት አስፋልት ዳር ስኖር፣ መንገድ ዳር ቀይ መብራት ያለበት ቤት ምን ቤት እንደሆነ አለማሰቤ ይገርመኛል።

ከመግሪብ ሶላት ትንሽ ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ሰውነቱ ደንዳና የሆነ ሹፌር «እንዴት አመሻችሁ» ብሎ ገባ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን አውልቆ የየኔታ ቀሚስ አጠገብ አኖረ። ልብስ ሊያስለካ የመጣ መስሎኝ ሜትሬን አንገቴ ላይ አስተካከልኩ።

«ቀዝቃዛ ቢራ አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«ቀዝቃዛ ባይሆንስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሱሪ አለ፤ ሸሚዝ አለ፤ ጀለቢያም እንሰፋለን።»

ሹፌሩ ዙሪያውን አየ። ምናልባት እየቀለድኩ እንደሆነ ገምቶ ፈገግ አለ። ወደ ኋላ በር አንገቱን አስግጎም «ልጆቹስ የሉም?» አለኝ።

«ልጆቹ ተኝተዋል» አልኩት። ስለ ልጆቼ መጠየቁ ደስ ብሎኝ ነበር።

«በዚህ ሰዓት?»

«ነገ ትምህርት አላቸው።»

ሹፌሩ ከወንበሩ ቀስ ብሎ መነሣት ጀመረ። በዚህ መሀል ፋጡማ ሻሿን እያስተካከለች ከጓዳ ወጣች።

«ምን ፈልገው ነው?» አለችው።

አያት፤ እኔን አየ፤ አምፖሉን አየ። «አፉ በይኝ እህቴ» አለ። «መብራቱ ነው ያሳሳተኝ።» ኮፍያውን እንኳ በትክክል ሳያደርግ ወጣ። እንደ እኔ ዕድል ሆኖ ልክ በዚያን ሰዓት ሰዎች ከመስጊድ ሲመለሱ በራችን ላይ ደረሱ፤ ሹፌሩ ኮፍያውን እያጠለቀ ከቤቴ ሲወጣም አዩት። ሰይድ ከመካከላቸው ነበር። እሱ ብቻ ቆም አለና «ሰላም ነው?» አለኝ። ሌሎቹ መሬት መሬት እያዩ አለፉ። እኔን የበላኝ የሌሎቹ ዝምታ ሳይሆን የሱ ደግነት ነው።

በማግስቱ ጠዋት የኔታ መጡ። ቀሚሱን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ ስዘረጋው ነው እኔም ያየሁት። ነጩ ቀሚስ ከአንገቱ እስከ ጫፉ በደማቅ ቀይ ክር ተሰፍቷል። በቀይ መብራት ሥር ነጭ ክርና ቀይ ክር አንድ ይመስላሉ፤ ይህን የሰይድ ነርስም ያስተማረ አይመስለኝም።

የኔታ ጨርቁን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው መረመሩ። «ልጄ፣ ታመህ ነበር?» አሉኝ።

አስቀመጥኳቸውና የመብራቱን ነገር ነገርኳቸው። ቅናቱን ብቻ ዘለልኩት። እሳቸው ግን የዘለልኩት ላይ መጥተው ቆሙ።

«ጎረቤትህ በምን መብራት ነው የሚተኛው?»

«በቀይ፣ የኔታ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ከአልጋዬ ሆኜ ይታየኛል።»

«እሱ ሲተኛ አንተ ቁጭ ብለህ የምታየው ከሆነ፣ አንተ መቼ ልትተኛ ነው?» አሉና በትራቸውን ይዘው ተነሡ። «ክሩን ፍታውና ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ቀይ ክር ስፈታ ዋልኩ። አረንጓዴውን እንኳ መሞከር አልነበረብኝም፤ ግን ተገዝቶ ዝም አይባልም ብዬ ከደጅ፣ በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። አንድ መንገደኛ ከሩቅ አይቶ መስጊድ መስሎት ጫማውን አውልቆ ገባና «ቂብላው በየት በኩል ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? የተረፈ ጨርቅ ወደ መካ አቅጣጫ አንጥፌ አሰገድኩት። እሱንም አወረድኩ።

ከዚህ ወዲያ የማወራው የሚያሳፍረኝን ነው። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሰይድ ሻይ ጠጣ ብሎ ጠራኝ። እሱ ብርጭቆ ሊያመጣ ሲገባ ሪሞቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አየሁት። እጄ ወደ እሱ፣ እሱ ወደ ኪሴ። ሻዩን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

የሰይድ መስኮት ወደ ግቢያችን ነው የሚያየው። መግሪብ እንዳለፈ ከኮክ ዛፋችን ሥር ቆሜ ቁልፉን ተጫንኩ። ቀዩ ክፍል ሰማያዊ ሆነ። ወላሂ፣ በሠርጌ ቀን እንደዚያ አልተደሰትኩም። ያን ቀን ራቴን ሁለቴ ደገምኩ፤ እንደ ድሮዬም ጭልጥ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ወደ ቀዩ መለስኩት፤ በማግስቱም እንዲሁ አደረግሁ። በሳምንቱ የሰይድ ፊት እንደ እኔ ፊት ሆነ።

አንድ አመሻሽ ሱቄ መጣ። ፋጡማም ከበሩ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ቤቴ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሪሞቱ ጠፋብኝ። መብራቱ ደግሞ በራሱ ይለዋወጣል። ጂን ሳይሆን አይቀርም።»

«አጥፍተኸው ተኛ» አልኩት።

«ጨለማ አልችልም። መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ መብራቱም አይጠፋም፤ ሰባት ዓመት እንደ ፀሐይ በሚያበራ መብራት ሥር ነው የኖርኩት። እሱ ሥር መተኛት አቃተኝ፤ ጨለማውንም ፈራሁት። ቀዩን ያገኘሁት ከስንት መከራ በኋላ ነው።»

ሰው የሆነ ሰው እዚያው ሪሞቱን አውጥቶ ይመልስለት ነበር። እኔም እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር። ያን ጊዜ ፋጡማ «ውይ ሚስኪን» አለች። እኔ ጣቴን በመርፌ ስወጋ እንደዚያ ባለ ድምፅ ሚስኪን ብላኝ አታውቅም። እጄን ባዶውን አወጣሁት።

ተንኮል እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው መሥራት የለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋጡማ ለሰይድ ሾርባ ትሠራ ጀመር። «ጉልበቱ እንዳይደክም» ትላለች። የሾርባው ሽታ ብቻውን ያስቀናል፤ ለኔ የደረሰኝ ደግሞ ተሸክሞ ማድረሱ ነው። «ብቻውን አትተወው፤ አብረኸው አምሽ» ትለኛለች። ስለዚህ እየመሸ በመጣ ቁጥር የሌላ ሰው ሾርባ ይዤ፣ የሌላ ሰው ሪሞት ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ ጂኑ እንዳይመጣ እየጠበቅሁ ሰይድ ቤት አመሻለሁ። እኔ ባለሁበት ጂኑ አይመጣም። ሰይድም «አንተን ይፈራል» ይለኛል።

አንድ ቀን ፍራሹ ላይ ስቀመጥ ኪሴ ተጫነና ክፍሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ደንግጬ ሳልኩ። ሰይድ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየና «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ እንብላ» አለ። አላወቀም ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

እንዲህ እያልን ከሰሜን የተነሣው ጦርነት ወደኛ ቀረበ። መጀመሪያ ሰው ከወልዲያ በኩል ልጅ አዝሎ፣ ፍራሽ ተሸክሞ በእግሩ ማለፍ ጀመረ። ከዚያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የከተማው መብራት ጠፋ፤ ቀይ የለ፣ ሰማያዊ የለ። አንድ ማለዳ ሱቁን ቆልፈን፣ የምንችለውን ተሸክመን ወጣን። ፋጡማ «ሰይድንስ ጥለነው ልንሄድ ነው?» ስትል እኔ የሱን በር እያንኳኳሁ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ሳላስበው እግሬ ነው የወሰደኝ።

ከአስፋልቱ ርቀን ወደ አምባሰል ገጠር፣ የፋጡማ አጎት ጋ ሄድን። ትንሹን ልጄን መንገዱን ሙሉ የተሸከመው ሰይድ ነው። የአጎትየው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ስምንት ሆነን ጎን ለጎን ተኛን። ከሩቅ እንዳይታይ ኩራዝ እንኳ አልበራም። እኔ ለልጆቹ ስጨነቅ ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ። ሰይድ እዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አንኮራፋ።

በማግስቱ የአጎትየውን ማሽላ ልናጭድ ወጣን። ረፋዱ ላይ ጥላ ሥር አረፍ ስንል አላስቻለኝም፤ ሪሞቱን ከኪሴ አውጥቼ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየው።

«ባትሪ አለው?» አለኝ።

«ሁለት ጊዜ ቀይሬለታለሁ።»

ሳቀ። «አውቄያለሁ እኮ» አለ። «ክፍሉ አረንጓዴ የሆነ ዕለት ነው ያወቅሁት። ጂን አያስልም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

የማሽላውን አገዳ በማጭዱ እየቆራረጠ፣ «ብናገር መምጣትህን ትተዋለህ» አለኝ። «ሰባት ዓመት ራቴን ብቻዬን ነው የበላሁት። አንተ ለክፋትም ቢሆን ማታ ማታ ታስበኝ ነበር። አልጠላሁትም።»

ማጭዴን አነሣሁ። «ትናንት ማታስ እንዴት ተኛህ? ጨለማ አልችልም ስትል አልነበር?»

«ሰባት ሰው አጠገቤ ሲተነፍስ እየሰማሁ ለምን አልተኛም?» አለ። ቀጥሎም «በፋጡማ ነው አይደል?» አለኝ።

«በፋጡማ ነው።»

«እሷን ካሰብኩ ዓመታት አለፉ ብልህ ታምነኛለህ?»

«አላምንህም።»

«እንግዲያው ዞር በልና እይ» አለኝ። ዞር አልኩ። ትናንት በር ላይ የተቀበለችን የአጎትየው ልጅ ዘይነባ የምሳ አገልግል ይዛ በማሽላው መሀል እየመጣች ነበር። ሰይድ ገና ሳትደርስ ብድግ ብሎ ሊቀበላት ሄደ። ማጭዱን እንኳ መጣል ረስቶ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ወደ ሐይቅ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፤ የስፌት መኪናዬ የለም፤ የሰይድ ቤትም ባዶ ነው። ሁለታችንም ምንም የሌለን ሆንን፤ ለመቅናት የሚሆን ነገር እሱ ዘንድም እኔም ዘንድ አልተገኘም። ፋጡማ የክር ጥቅልሎችን ከወለሉ እየለቀመች ስታለቅስ፣ ሰይድ መጥቶ አብሯት ለቀመ። ቆሜ አየኋቸውና ምንም አልተሰማኝም። ትንሽ ተሰምቶኝ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል፤ ግን ተንበርክኬ አብሬያቸው ስለቅም አለፈልኝ።

ዓመቱ ሲያልፍ ተበድሬ አሮጌ መኪና ተከልኩ። ሰይድ ዘይነባን አገባ፤ ሽማግሌ ሆነው ከሄዱት አንዱ እኔ ነኝ። ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ፣ አላህ ያሳድጋትና፣ ቀን ተኝታ ትውላለች፤ ሲመሽ ትነቃለች። ዘይነባ ስትደክም አቅፎ የሚዞረው ሰይድ ነው።

በቀደም ከዙሁር ሶላት በፊት ሱቄ መጣ። አንዳች ነገር ሊነግረኝ ነበር፤ ጨርቁ ክምር ላይ አረፍ አለ፤ ሳይጀምረው እንቅልፍ ወሰደው። አፉ ተከፍቷል፤ አንድ ጫማው ወልቋል። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ስትሠራ እንደ ወፍጮ ትጮኻለች። እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሣሁ።

ትንሽ ቆይታ ፋጡማ ብቅ አለች። «መኪናው ለምን ቆመ? ለዛሬ የቀጠርከው ሱሪ የለም እንዴ?»

«ቀስ በይ» አልኳት። «ተኝቷል።»

ሰይድን አየችው፤ ከዚያ እኔን ትክ ብላ አየችኝ። ፀሐዩ ፊቱ ላይ እንዳያርፍ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችና፣ ውጭ ቆማ የሚመጡትን ደንበኞች «ከሶላት በኋላ ተመለሱ» ትላቸው ጀመር። እኔም መርፌ አውጥቼ ክር ከተትኩበትና ሱሪውን በእጄ መስፋት ጀመርኩ።